«ቤት መዋል» ሥራ መፍታት አይደለም

አንዲት ሴት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ «ቤት ነው የምውለው» ብላ ከመለሰች፣ ጠያቂው ምን እንደሚረዳ ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዝ የላትም፤ አለቃ የላትም፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የላትም ማለት ነው። ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ልጅ ስታሳድግ፣ በሽተኛ ስታስታምም የምትውለው ሴት በዚህ አነጋገር ምክንያት እንደ ሥራ ፈት ስትቆጠር ኖራለች። በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ይኸውም ደመወዝም፣ አለቃም፣ የሥራ ሰዓትም እያላት ቤቷ የምትውል ሴት መምጣቷ ነው። ኮምፒዩተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ጋር በኢንተርኔት እየተገናኘች፣ ለአዲስ አበባ ቀጣሪ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር፣ ጅማ ወይም አዳማ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት ማለቴ ነው።

እኔም ከእነዚህ አንዷ ነኝ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኑሮዬ ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሐይቋ ዳር የተቆረቆረች፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነች መካከለኛ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ለስብሰባ በመጣሁ ቁጥር የሥራ ባልደረቦቼና ዘመዶቼ «እውነት ኑሮው ይረክሳል? እኛም እንምጣ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለአንድ ለአንዷ በየመንገዱ ከመመለስ በዚህ ዓምድ ለሁሉም ብመልስ ይሻላል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

መልሴ አጭር ነው፤ አዎን፣ ይረክሳል። ነገር ግን የተረፈው ገንዘብ ከየት እንደተረፈ ሳይመረምሩ ጓዝ መጫን አይገባም። ከፊሉ ከቤት ኪራይና ከታክሲ የተረፈ ነው። ከፊሉ ግን ከሴቲቱ ሰዓት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ እኛ ቤት በጥቂቱ ላውሳ። ባለቤቴ መምህር ነው። ሁለት ልጆች አሉን። አዲስ አበባ ሳለን ለቤት ኪራይ የምንከፍለው ከእኔ ደመወዝ ከግማሽ በላይ ነበር። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ እወጣለሁ፤ ታክሲ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ቢሮ እገባለሁ። ማታ ስመለስ ትንሹ ተኝቶ አገኘዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ባለቤቴ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። እኔስ ሥራዬን ልተው? ወይስ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈል? ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት የተጠየቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜም መልሱ አንድ ነበር፤ ሚስት ሥራዋን ትታ ባሏን ትከተላለች።

በእኛ ጊዜ ግን አንድ ሦስተኛ መንገድ ተከፍቶ ቆይቶናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መንግሥት ብዙ ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ማዘዙ ይታወሳል። እኔም በዚያን ጊዜ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ለጥቂት ወራት ከቤት ሠርቻለሁ። ጋዜጠኝነትን በዲፕሎማ ስንማር መምህሮቻችን «ዜና የሚገኘው ከቦታው ነው» ይሉን ነበር። ይህ ዛሬም አልተሻረም። ዳሩ ግን ከቦታው የመጣውን መጻፍ፣ ማረም፣ ማሳጠርና ርእስ መስጠት በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ እንደሚቻል ያ ጊዜ አሳይቶናል። ስለዚህ አለቃዬን አነጋገርሁ። በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እየመጣሁ፣ የቀረውን ከሐዋሳ እንድሠራ በቃል ተስማማን። «በቃል» የምትለዋን ቃል እባካችሁ አስታውሷት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ስለ ርካሽነቱ። የቤት ኪራያችን ከደመወዜ ከሲሶ በታች ወረደ። ባለቤቴና ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው በእግራቸው ይሄዳሉ። ራቅ ሲል ባጃጅ አለ። ዓሣ ሲያምረን ከአሞራ ገደል እንገዛለን። ቆጮና አቮካዶ ከገበሬው እጅ እምብዛም ሳይርቅ ገበያ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ግን የተረፈኝ ጊዜ ነው። በታክሲ ሰልፍ ይባክን የነበረው በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ወደ እጄ ተመለሰ። ትንሹ ልጄ ማታ ማታ ነቅቶ ይጠብቀኛል ማለት አያስፈልገኝም፤ አብሬው ነው ያለሁት።

በሌላ በኩል፣ ለመምጣት የሚያስቡ ሰዎች ሒሳብ ውስጥ የማያስገቧቸው ወጪዎች አሉ። የመጀመሪያው ኢንተርኔት ነው። መሥሪያ ቤት የሚከፍልልን የነበረውን አሁን ከኪሳችን እንከፍላለን። አንደኛው መስመር ሲደክም ሥራ እንዳይቆም፣ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅት አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የሁለቱንም ሲም ካርድ ይዣለሁ። ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ጽሑፍ የማስረከቢያ ሰዓት አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ማታ ሞልቶ ማደር፣ ለስልኩ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ መግዛት ግድ ይላል። ሦስተኛው የአዲስ አበባ መመላለሻ ነው፤ የአውቶቡሱ ጉዞ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ማደሪያም ያስፈልጋል። ጤናም አለ። ሐዋሳ እንደ አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ላይ የተቀመጠች ባለመሆኗ ወባ አለባት፤ አጎበር ከአልጋ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ የክፍሉን ስፋት ብቻ ሳይሆን ውኃው ከቧንቧ ይሁን ከጉድጓድ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተደምሮም ቢሆን ትርፉ ከወጪው ይበልጣል። ኪሳችን ቀለል ብሎታል። ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

ችግሩ በሁለተኛው ወር ገደማ ነው የታየኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛዬ ዘንድ እቀመጣለሁ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተሸካሚው በር ያንኳኳል። ቀጥሎ የጋዝ ሲሊንደር ያልቃል። የልጄ አስተማሪ ስልክ ትደውላለች፤ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ አባቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢያስተምርም «እርሶ ቤት ስለሆኑ ነው» ትለኛለች። የባለቤቴ ዘመዶች ለሕክምና ወደ ከተማው ሲመጡ «እርሷ ቤት ናት» ተብሎ እኔ ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ። እያንዳንዱን ነገር ለብቻው ብታዩት ትንሽ ነው፤ እምቢ ለማለትም ያሳፍራል። የምጽፈውን ጽሑፍ ግን የምጨርሰው ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሆነ። አዲስ አበባ ሳለሁ የደከመኝ እግሬ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዐይኔ።

ለባለቤቴ ደጋግሜ ብነግረውም «ምን አለበት፣ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው» ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንድ ደቂቃ መስሎት ነው። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ደብተር ገዛሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ከወንበሬ በተነሣሁ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፍሁ። በአምስት የሥራ ቀናት 38 ጊዜ ተነሥቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ለራሴ ጉዳይ የተነሣሁት 9 ጊዜ ብቻ ነው። የቀሩት 29 ጊዜያት የቤት፣ የልጅ፣ የእንግዳና የጎረቤት ጉዳዮች ነበሩ። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሩን ከፍቼ አነበብሁለት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «አንተ ክፍል ውስጥ ስታስተምር በሩን ከፍቼ ‹ሽንኩርት ስንት ኪሎ ልግዛ?› ብልህ፣ በሳምንትም 29 ጊዜ ብመላለስ፣ ተማሪዎችህ ምን ይማራሉ?»

መልስ አልሰጠኝም። በማግሥቱ ግን የራሱን የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አምጥቶ ከእኔ የሥራ ሰዓት ጋር አጠጋግቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እርሱ ከሰዓት በኋላ በማያስተምርባቸው ሦስት ቀናት ምሳውንም፣ ልጆቹንም፣ በር የሚያንኳኳውንም እርሱ ይቀበላል። ይህ ቀላል አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ «ሚስትህ ቤት ተቀምጣ አንተ ሽንኩርት ትልጣለህ?» እያሉ ስቀውበታል። አንድ ቀን ተናዶ ወደ ቤት መጣ፤ ሰሌዳውን ይቀድደዋል ብዬ ፈራሁ። አልቀደደውም። አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ በየመንፈቁ ይታደሳል።

ጎረቤትስ? በእኛ አገር ከጎረቤት በር ዘግቶ መኖር አይቻልም፤ ደግሞም አይገባም። ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። እንግዳ ሆነን በገባንበት ሳምንት እንጀራ ከነወጡ ያመጡልን እርሳቸው ናቸው። ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን «ነይ የኔ ልጅ፣ ቡና ደርሷል» ይሉኛል። አንድ ቡና እስከ በረካው አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚወስድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ብቀር ኩራት ይሆንብኛል፤ ብሄድ ሥራው ይቀራል። በመጨረሻ እቤታቸው ገብቼ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ቤት ሆኜ ነው እንጂ ቢሮ ነኝ» አልኋቸው። ሣቁ። ኮምፒዩተሩን አምጥቼ የጻፍሁትን ጽሑፍና የታተመውን ጋዜጣ አሳየኋቸው። ጥቂት አሰቡና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እናቴም ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ድሩ እንዳይበጠስባት አታናግሩኝ ትል ነበር» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቡናው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሆነ። ጠዋት ሰው ሲመጣብኝ ካዩም «ሥራ ላይ ናት፣ ኋላ ተመለሱ» ብለው የሚመልሱልኝ እርሳቸው ናቸው።

የእርሳቸው አነጋገር ብዙ አሳሰበኝ። ለካ ከቤት ሆኖ መሥራት ለኢትዮጵያ ሴት አዲስ ነገር አይደለም። ፈታይዋ፣ ስፌት ሰፊዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክበው ሁሉ ከቤታቸው ሆነው ሲሠሩ ኖረዋል። ብዙ ልጆች በዚህ ገንዘብ ተምረው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። ነገር ግን ሥራው በቤት ውስጥ ስለተሠራ ብቻ «ሥራ» ተብሎ አልተጠራም። ዛሬ ኮምፒዩተር ይዘን ቤት የገባን ሴቶች ጥንቃቄ ካላደረግን የሚጠብቀን ይኸው ዕጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንረሳት አንዲት ሴት አለች። ይህችም የቤት ሠራተኛችን ናት። እኔ ቤት መዋል ስጀምር ለእርሷ የሚቀልላት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ሆነ። ከእኔ በፊት ቤቱ የእርሷ የሥራ ቦታ ነበር። ሥራዋን በራሷ ቅደም ተከተል ትሠራለች፤ ሲደክማት ታርፋለች፤ ሬዲዮ ትከፍታለች። እኔ ስመጣ አለቃዋ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ የተቀመጠች ሠራተኛ ሆነች። ልጆቹም እኔ መኖሬን ስለሚያውቁ እርሷን አይሰሙም። የእኔ ሰዓት እንዲከበር የምጠይቅ ከሆነ የእርሷም ሊከበር ይገባል። ስለዚህ የእርሷም የዕረፍት ሰዓትና የማታ ትምህርት ቤት ሰዓት በዚያው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የግል አገልግሎት ቅጥርን በቀጥታ እንደማይሸፍን ይታወቃል። ሕጉ እስኪሟላ ድረስ ግን በየቤታችን ያለውን ፍትሕ የሚወስነው የራሳችን ኅሊና ነው።

አሁን «በቃል» ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ። ከሐዋሳ መሥራት ከጀመርሁ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያን ጊዜ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት አንድ የምክትል አዘጋጅነት ቦታ ተከፈተ። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድም ጽሑፍ ዘግይቼ አላስረከብሁም። አገልግሎቴም ከተወዳዳሪዎቼ አያንስም ነበር። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ምክንያቱን ስጠይቅ «አንቺ እኮ እዚህ የለሽም» ተባልሁ። ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለከትሁ፤ ሳይሰጠኝ ቀረ። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል እንደሚባለው ነው። ከእኔ ጋር የተስማማው አለቃም ወደ ሌላ ክፍል ስለተዛወረ፣ የቃል ስምምነታችንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን መሥሪያ ቤት ለቀቅሁ። ለዚህ ዓምድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ግን ስምምነቴን በወረቀት አስፍሬያለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው የቅርብ ቁጥጥር ለሚሠራው ሥራ የተለየ የውል ዓይነት አለው። አሠሪው የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፣ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ፣ የሥራውን ዓይነትና መጠን፣ የሚረከብበትን ጊዜና የክፍያውን መጠን በመዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ድንጋጌው ሲነበብ በይበልጥ ጥሬ ዕቃ ወስዳ ሰፍታ ወይም ሠርታ የምታስረክበውን ሴት የሚመለከት ይመስላል። የኢንተርኔትን ወጪ ማን ይከፍላል? መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል? የደረጃ ዕድገት ውድድር ላይ ርቀት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ሁሉ ሕጉ በዝርዝር አይነግረንም። በመሆኑም በውላችን ውስጥ እኛው ማስጻፍ ይኖርብናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1996 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 177 ከቤት የሚሠሩ ሠራተኞች ከሌሎች ሠራተኞች እኩል እንዲታዩ መጠየቁን ማወቅ ይጠቅማል። መብታችንን ስንጠይቅ ልዩ ውለታ እንደምንለምን ሊሰማን አይገባም።

ውድ አንባብያን፤ እስካሁን የነገርኋችሁ እኛ ላይ ስለደረሰው ነው። እኛስ በሌላው ላይ ያደረስነው የለምን? ይህን ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፌ ጎዶሎ ይሆናል።

በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ከኋላ ሰርቪስ ቤቶች አሉ። በአንደኛው ክፍል አራት ወጣት ሴቶች ይኖራሉ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋሉ። የፓርኩ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። ደመወዛቸው አነስተኛ በመሆኑ አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ይከራያሉ፤ አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትሄድ ሌላዋ በፍራሹ ላይ ትተኛለች። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ገበያ ስትታገድ በርካታ የፓርኩ ሠራተኞች እንጀራቸውን ማጣታቸው ይታወሳል። እንግዲህ ለእኔ «ርካሽ» የሆነችው ከተማ ለእነዚህ እኅቶች ርካሽ አይደለችም። እኛ የምናወዳድረው ከአዲስ አበባ ኪራይ ጋር ነው፤ እነርሱ የሚያወዳድሩት ከፓርኩ ደመወዝ ጋር ነው።

እኛ በገባን በዓመቱ አከራያችን በግቢው ሁሉ ላይ ኪራይ ጨመሩ። «ከአዲስ አበባ የመጡት ሳይከራከሩ ይከፍላሉ» ብለው ነበር። እኛ መክፈል እንችል ነበር። ለአራቱ ልጆች ግን ጭማሪው ከወር አስቤዛቸው የሚነሣ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ወደ አገሯ ለመመለስ ስትዘጋጅ አገኘኋት። ባለቤቴና እኔ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር ተነጋግረን አንድ ላይ ሆነን አከራይቱን ለመንናቸው። ጭማሪው በግማሽ ቀነሰ፤ ጨርሶ አልቀረም። ልጅቱ ለጊዜው ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ሄደች። አሁን በፍራሿ ላይ ሌላ ልጅ ትተኛለች።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ደመወዙን ከትልቅ ከተማ እያመጣ በአነስተኛ ከተማ የሚኖር ሰው፣ «ለእኔ ምን አላት» ብሎ ኪራይ ባናረ ቁጥር የሌላውን ቤት እያናጋ ነው። ደላላ የጠራውን ሁሉ መክፈል ቸርነት አይደለም። የአካባቢውን ዋጋ ጠይቆ በዚያው መከራየት፣ ከተከራዮች ጋር መመካከር፣ ለእድሩ መዋጮ ማዋጣት፣ ዕቃን ከሰፈሩ ሱቅ መግዛት ተገቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኑት መሠረት ስለሆነ፣ በምትሄዱበት ከተማ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን ቀድማችሁ ጠይቁ። ውላችሁን ስታስመዘግቡም ከኋላ ክፍል ያሉትን ጎረቤቶቻችሁን አብራችሁ ውሰዱ።

እንግዲህ «እንምጣ ወይ?» ላላችሁኝ እኅቶች የምለው ይህ ነው። ኑ፤ ከተማው ሰፊ ነው፤ አየሩ ደግ ነው፤ ልጅ ለማሳደግ ይመቻል። ነገር ግን መኪና ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ሰዎችን አነጋግሩ። መጀመሪያ ባለቤታችሁን፤ ቤቱ የማን የሥራ ቦታ እንደሚሆን፣ በር ሲንኳኳ ማን እንደሚነሣ፣ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ቁርጥ አድርጉ። በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ከሌለ እንኳ አንድ ጠረጴዛ ይኑር፤ ያ ጠረጴዛ ምሳ የማይቀርብበት ይሁን። ሁለተኛ አለቃችሁን፤ የተስማማችሁትን በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ የዕድገት መስፈርቱም ይጻፍ። ሦስተኛ የምትከራዩበትን ሰፈር ሰው፤ ኪራዩ ለአገሬው ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ባል የሆናችሁ አንባብያንም ይህን ገጽ «የሴቶች ነው» ብላችሁ ካላለፋችሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሚስቶቻችሁ ከቤት የሚሠሩ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ደብተር ይያዙ፤ ቅዳሜ ማታ አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በድሬዳዋ፣ በአርባ ምንጭና በሌሎችም ከተሞች በዚህ ዓይነት ኑሮ ላይ ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች የገጠማችሁን ብትጽፉልን፣ ለሌላው ትምህርት የሚሆነውን እየመረጥን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን። ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።